ጋሽ ወንድይፍራውና ሁልጊዜ የሚቆመው ብረት

ጋሽ ወንድይፍራው አርፈዋል። የነገሩኝ እትዬ አስካለ ናቸው፤ ቅዳሜ ጠዋት ሎፒስ ላይ ጠረጴዛዬን እየዘረጋሁ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ሎፒስ ማለት ስዊድኖች የሰለቻቸውን ዕቃ አውጥተው የሚሸጡበት ገበያ ነው። እኔ የሰለቻቸውን እገዛና፣ ሲናፍቃቸው መልሼ እሸጥላቸዋለሁ።

«ሙሌ፣ ቁጭ በል» አሉኝ።

የነበረው ለሽያጭ ያወጣሁት ወንበር ብቻ ነው። ተቀመጥኩበት።

«ጋሽ ወንዴ አመለጡን። ልባቸው ነው። የሆስፒታሉ ነርስ ቁርስ ይዛ ስትገባ ነፍሳቸው አልነበረችም።»

ያን ቀን ወንበሩን ጠያቂ መጥቶለት ነበር፤ አልተነሳሁለትም።

ይህን የምጽፈው በስቶክሆልም፣ ከአካላ ሰፈር እስከ ፊቲያ ሰፈር፣ ለምታውቋቸው ሁሉ ነው። የገብርኤል ማኅበራችን ሰዎች «አንተ አፍ አለህ፣ ጻፍልን» አሉኝ። አፍ ያለው ሁሉ ብዕር ያለው ይመስላቸዋል። እኔ ትምህርቴን የጨረስኩት ምናለሽ ተራ፣ ቆርቆሮና አሮጌ ብሎን ከሚሸጡ መምህራን እግር ሥር ነው፤ ስለዚህ አሳምሬ ባልጽፍ ታገሡኝ። ደግሞ አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ የምጽፈው ስለሚያስጠላ ነገር ነው። ስለ ደግነታቸው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኔ ግን እንደ እሳቸው መጸየፍ የሚችል ሰው አይቼ አላውቅም፤ ጋሽ ወንዴን የማስታውሳቸውም በዚያ ነው።

በአገር ቤት የጦር መሐንዲስ ክፍል ወታደር ነበሩ። በስደት ስዊድን ገብተው መጀመሪያ ጽዳት፣ ቀጥሎ ብረት ቤት ሠሩ። አዲስ የመጣ ሰው የአልጋው እግር ቢሰበር፣ በሩ አልዘጋ ቢለው የሚጠራው እሳቸውን ነበር። መሣሪያቸውን በዳቦ ከረጢት አንጠልጥለው ይመጣሉ፤ ሻይ ቢቀርብላቸው ቆመው ይጠጣሉ። ሥራውን ሲጨርሱ ደግሞ አንድ ልማድ ነበራቸው። ተንበርክከው ወለሉን ከጥግ እስከ ጥግ በመዳፋቸው ይዳስሳሉ። «መጥረጊያ አለ እኮ ጋሼ» ሲባሉ «መጥረጊያ ሚስማር ያመልጠዋል፤ እግር ግን አያመልጠውም» ይላሉ። እኛ የሽማግሌ አመል ነው ብለን አለፍነው።

በመጨረሻ የሠሩት አንድ ሀብታም ሽማግሌ ስዊድናዊ ቤት ነው። ሰውየው የጥንት የቻይና ነገሥታት ዘመን የጦር ዕቃ ሰብሳቢ ነበር። ጎራዴና ጋሻማ ማንም ይሰበስባል፤ እሱ የሚፈልገው ጤነኛ ሰው የማያስበውን ነው። ወጥመዱን፣ የመርዝ ጭስ ማሰሮውን፣ የዓይን ማጥፊያ ኖራውን። የጋሽ ወንዴ ሥራ ለእያንዳንዱ ዕቃ መቆሚያ መሥራት ነበር። ቀጭን ብረት አጥፈው ዕቃውን ሲያስቀምጡት አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። እዚያ በዋሉበት ቀን ሰው አይጨብጡም ነበር። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበውም ቢሆን በትከሻቸው ብቻ ሰላም ይሉናል። ኩራት ነበር የመሰለን።

አንድ ጊዜ «ና፣ የምውልበትን እይ» ብለው ወሰዱኝ። ስዊድን ቤት ሲገባ ጫማ ይወልቃል፤ ሰብሳቢው ራሱ በካልሲ ነው የተቀበለን። ጉንጩ ቀይ፣ ደስተኛ፣ ጥሩ ሰው ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። ቡና አፈላልን፤ ቀረፋ የተነሰነሰበት ጥቅል ዳቦም አቀረበልን። ከዚያ ሳህናችንን ይዘን ዕቃዎቹን እየዞርን እንድናይ አደረገን።

«ይሄ ሳንቃ» አለ፣ በአንድ ገጹ ሙሉ ሚስማር የተተከለበትን ግዙፍ እንጨት እየዳበሰ፣ «ከቅጥሩ ላይ በገመድ ይለቁታል። መሰላል የሚወጣውን ሰው ጨፍልቆት ይወርዳል። ከዚያ መልሰው ይስቡታል።»

«ሰውየውን ወይስ ሳንቃውን?» አልኩት።

«ሳንቃውን!» ብሎ ሳቀ። «ሰውየውም አንዳንዴ አብሮ ይወጣል።»

የያዝኩትን ዳቦ አየሁት። ገና አንድ ጊዜ ነበር የገመጥኩት።

ቀጥሎ የወፎች ሥዕል አሳየን። ወፎቹን ከጠላት ከተማ ያጠምዷቸዋል፤ እሳት በእግራቸው አስረው ሲለቋቸው ወደ ጎጇቸው፣ ማለት ወደ ከተማው የሣር ጣሪያ ይመለሳሉ። ወፏ ቤቷ ነው የገባች የሚመስላት። ከዚያ ወደ አንድ ትልቅ ድስት ደረስን።

«ይሄ ቀላል ይመስላል» አለ ሰብሳቢው። «ዓይነ ምድር ያፈሉበት ነበር። ስሙ ግን ያምራል፤ የወርቅ ጭማቂ ይሉታል። ፈልቶ ሲንተከተክ በሚወጣው ሰው ላይ ከላይ ያፈሱበታል። ቃጠሎው ባይገድለው ቁስሉ ይመረቅዝና ይገድለዋል። ዳቦ ጨምር እንጂ!»

ጋሽ ወንዴ ሳህን አልያዙም ነበር። ለካ እዚያ ቤት እህል ቀምሰው አያውቁም። ሰውየውን ቀስ ብለው፣ በዚያ በሰባራው ግን ጨዋ በሆነው ስዊድንኛቸው ጠየቁት።

«ይሄን ያሰበው ሰው ያን ዕለት እራቱን በላ?»

«መሰለኝ» አለ ሰብሳቢው፤ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ «አየህ ሙሌ» አሉኝ። «ብረቱ አይደለም የሚያስጠላኝ። ብረት ምን ያውቃል? የሚያስጠላኝ ይሄን ያሰበው ሰው እጁን ታጥቦ፣ እራቱን በልቶ፣ ልጆቹን ስሞ መተኛቱ ነው።»

«ቻይናዎች ጨካኞች ናቸው ማለት ነው» አልኩ፤ ነገር ለማሳጠር።

«አትበል! እነሱ ጽፈው ስላስቀመጡ ነው ያወቅንባቸው። ያልጻፈ ነው የበዛው።»

ከሁሉ አንድ ነገር ብቻ ወደውት እንደነበር በኋላ ነገሩኝ። አፉ ላይ ቆዳ የተወጠረበት እንስራ ነው። መሬት ቀብረው አንድ ሰው ጆሮውን ደግኖ ያዳምጥበታል፤ ጠላት ከቅጥሩ ሥር ዋሻ ሲቆፍር ይሰማል። «ማዳመጥ ብቻ ነው ብዬ ለሱ ያማረ መቆሚያ ሠራሁለት» አሉ። «ኋላ ስጠይቀው፣ ከሰሙ በኋላ በወናፍ መርዝ ጭስ ወደ ዋሻው ይነፉበታል አለኝ። የሠራሁትን መቆሚያ ባፈርሰው ደስ ባለኝ።»

የዚያን ዕለት መጨረሻ ላይ ሰብሳቢው አንድ ሳጥን ከፈተ። በውስጡ የጨቅላ ልጅ ጡጫ የሚያካክሉ ብረቶች አሉ፤ እያንዳንዳቸው አራት ሹል እግር አላቸው፤ መሃላቸው ቀዳዳ ነው።

«ወንድም» አላቸው፤ ስማቸውን መጥራት አልቻለበትም ነበር፤ «ለእነዚህስ መቼ ነው መቆሚያ የምትሠራልኝ?»

ጋሽ ወንዴ አንዱን አንስተው ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። በሦስት እግሩ ቆሞ አራተኛውን ወደ ላይ ቀሰረ። አንስተው ደግመው ወረወሩት። ቆመ።

«አልሠራም» አሉት። «ራሱ ቆሟል።»

ሰብሳቢው በደስታ አጨበጨበ። የፈረስና የሰው እግር ማጥፊያ እንደሆነ፣ ሣር ውስጥ እንደሚበተን፣ የተወጋው እንዳይድን ጫፉን ያው በድስቱ የሚፈላውን ነገር እንደሚቀቡት አስረዳኝ። በካልሲ ቆሜ የእግሬን ጣቶች ሰበሰብኩ። ስወጣ ያቺን ዳቦ የት እንዳደረግኋት ታውቃላችሁ? ኪሴ ውስጥ። መጣሉ ነውር ሆኖብኝ፣ መብላቱም አንገሽግሾኝ፣ እስከ አካላ ድረስ በቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ተሸክሜያት ሄድኩ።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። ጋሽ ወንዴ ጡረታ ወጡ። ሰብሳቢውም አረጀና ወደ ትንሽ ቤት ተዛወረ፤ ዕቃው ተበታተነ፤ የተበታተነ ዕቃ ደግሞ ሎፒስ ይመጣል። እኔ በሌለሁበት ቀን ከእኔ ጠረጴዛ አጠገብ የሚሸጠው ፊንላንዳዊ እነዚያ ባለ አራት እግር ብረቶች ያሉበትን ካርቶን ዘርግቶ ኖሮ፣ እትዬ አስካለ አልፈው ያያሉ። እትዬ አስካለ የማኅበራችንን ዕቃ ግዢ የያዙ ናቸው፤ ዓይናቸው ጥሩ ዕቃ አያልፍም። ብረቱን አነሱት፤ ጣሉት፤ ቆመ። ሹሉ ወደ ላይ። በእሳቸው ዓይን ያ ሹል ሻማ የሚሰካበት ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? አንድ ደርዘን መቅረዝ አገኘሁ ብለው በደስታ ተሸክመውት ሄዱ። በአመድና በሎሚ አሽተው እንደ ብር አስመሰሉት።

የታኅሣሥ ገብርኤል ማኅበር ነበር፣ ፊቲያ በተከራየነው አዳራሽ። በዚህ አገር በዚያ ወር ገና ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ይጨልማል። ጋሽ ወንዴና እኔ አርፍደን ስንደርስ ጸሎቱ ተጀምሯል። ጫማችንን በር ላይ አወለቅን። ሰው ሁሉ በባዶ እግሩ ነው። ነጠላ ለብሶ የቆመው ሕዝብ ፊት፣ ከሥዕሉ ሥር፣ ምንጣፉ ላይ ሻማዎች በግማሽ ክብ በርተዋል። ያምራል። እውነቴን ነው፣ በጣም ያምራል።

ጋሽ ወንዴ ቀጥ ብለው ቆሙ። እኔም ሻማዎቹ የቆሙበትን ብረት አየሁ፤ ዳቦዋ አሁንም ያለች ያህል እጄ ወደ ኪሴ ሄደ።

ወደ በሩ ተመልሰው የራሳቸውን ጫማ አነሱ። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በሕዝቡ መሃል አልፈው ሥዕሉ ፊት ተንበረከኩ። አንዱን ሻማ እፍ አሉት፤ ነቀሉት፤ ብረቱን ጫማቸው ውስጥ ከተቱት። ሁለተኛውን እፍ። ሦስተኛውን። ጸሎቱ ቆመ።

«ጋሽ ወንዴ!» አሉ እትዬ አስካለ። «ምን እያደረጉ ነው? የመልአኩን ሻማ?»

አራተኛውን እፍ አሉት። ቄሱም «ልጄ፣ ምን ነካህ?» አሏቸው፤ ልጄ ያሏቸው በማዕረግ እንጂ በዕድሜስ ጋሽ ወንዴ ይበልጧቸዋል። ከኋላ አንዱ «ናላቸው ዞሯል» ሲል ሰማሁ። ጋሽ ወንዴ የመጨረሻውን ጫማቸው ውስጥ አስገብተው በዓይናቸው ቆጠሩ፤ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«አስካለ፣ ስንት ነው የገዛሽው?»

«ደርዘን ነው! ደግሞ በገንዘቤ ነው!»

«አንድ ጎድሏል።» ተነስተው ቆሙ፤ ያን ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምተነው አናውቅም። «ማንም እግሩን እንዳያነሳ! ያለንበት እንቁም! ልጅ የያዛችሁ ታቀፉ!»

የወታደር ድምፅ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ደርቆ ቆመ። አንዱ ጎረምሳ አንድ እግሩን እንዳነሳ ቀረ፤ ማውረዱን ፈራ።

«የት አደረግሽው አስካለ? አስቢ።»

እትዬ አስካለ ዙሪያቸውን ቃኙ። «አንዱ ሻማ አልይዝ ብሎኝ… ወንበሩ ላይ… ወንበሩ ላይ ነው ያደረግሁት።»

ወንበሩ በቦታው አልነበረም። የብርድ ወራት ነው፤ የገባው ሁሉ ካፖርቱን ወንበሩ ላይ ጥሎበት፣ ወንበሩ ተገልብጦ፣ የካፖርቱ ክምር ግድግዳው ሥር ፈስሷል። በክምሩ ላይ ደግሞ ልጆቻችን በካልሲያቸው ይገለባበጣሉ፤ እየዘለሉ ይወድቁበታል። አማርኛ ይሰማሉ፣ የጨዋታ ሰዓት ግን አይሰሙም። ጋሽ ወንዴ በስዊድንኛ «ቁሙ!» ብለው ጮኹባቸው። የእትዬ አስካለ የልጅ ልጅ በአየር ላይ ካለች ቆማ ወረደች ብል አላጋነንኩም። «ምን አጠፋን?» አለች በስዊድንኛ።

«ምንም አላጠፋሽም የኔ እመቤት። እንዳለሽ ቁሚ።»

እኚያ ሽማግሌ ሰው በሆዳቸው ተኙ። ከምንጣፉ እስከ ክምሩ ያለውን ወለል በመዳፋቸው እየዳሰሱ፣ እየዳሰሱ ሄዱ። ያን ጊዜ ነው የመዳፋቸው ልማድ ከወታደርነታቸው እንደመጣ የገባኝ። ልጆቹን አንድ በአንድ እያነሱ በዳሰሱት መንገድ ለእናቶቻቸው አቀበሉ። ከዚያ ካፖርቱን አንድ በአንድ ማንሳት ጀመሩ። ልጅቷ ከቆመችበት አንድ ክንድ በማይርቅ ቦታ፣ የአንድ ካፖርት ገበር ውስጥ፣ እጃቸው ቆመ።

«አገኘሁት» አሉ። እጃቸውን ሲያወጡ ብረቱ አብሮ ወጣ፤ አንዱ ሹል መዳፋቸው ውስጥ ገብቶ ነበር።

እጃቸውን በነጠላ አሰርንላቸው። የቴታነስ መርፌ ካልተወጉ አይሆንም አልን፤ እሺ አሉ፤ ግን መጀመሪያ ሰው ማብራሪያ ፈለገ፤ እትዬ አስካለም አኩርፈዋል። ዝክሩ ቀርቧል። ጾም ስለነበር ምስር ወጥ ነው።

«ከበላችሁ በኋላ እነግራችኋለሁ» አሉ ጋሽ ወንዴ።

«አሁን ይንገሩኝ» አሉ እትዬ አስካለ። «በሕዝብ ፊት ያዋረዱኝን በሕዝብ ፊት ይንገሩኝ። ምን አድርጎ ነው መቅረዜ?»

«አስካለ፣ ይቅርብሽ።»

«አይቀርብኝም!»

ነገሯቸው። ስለ እግሩ፣ ስለ ጫፉ፣ ጫፉ ስለሚቀባው፣ የሚቀባው ስለሚፈላበት ድስት። ጋሽ ወንዴ ነገር ማሳመር አያውቁም፤ እንዳለ ነው የሚናገሩት። የምስር ወጡን ድስት የተከደነ ያህል ማንም አላየውም፤ ወይም አይቶት ፊቱን አዞረ። ቄሱ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እትዬ አስካለ እጃቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱ፤ ብረቱን ያሹበትን እጅ።

«እኔ በዚህ እጄ…» አሉና ወደ መታጠቢያው ሮጡ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ወደ ልጅ ልጃቸው እግር አዩ፣ ወደ ጋሽ ወንዴ እጅ አዩ። «የኔ ናቸው፤ በገንዘቤ ነው የገዛኋቸው» አሉ። «ጥፍራቸውን ይቁረጡልኝ።»

እኔ ነጋዴ ነኝ። አንድ ሰብሳቢ ለእነዚያ ብረቶች ምን እንደሚከፍል አውቃለሁ። በዕቃ ማስቀመጫዬ ጓዳ ውስጥ፣ ጋሽ ወንዴ በፋሻ በታሰረ እጃቸው ሞረድ ይዘው ሲገዘግዙ፣ ዱቄቱ ወለሉ ላይ ሲረግፍ፣ ዋጋው ነበር ዓይኔ እያየ የሚረግፈው።

«ጋሼ፣ ጥንታዊ እኮ ነው» አልኩ። «የሚገዛው ሰው ሣጥን ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው።»

«እስከ መቼ?» አሉኝ። እኔ ራሴ የምኖረው ከሣጥን በሚወጣ ዕቃ ነው።

የየብረቱን ሦስት እግር አደንዝዘው አለዘቡት፤ አራተኛውን ተዉት። «አንዱ ይቅር፤ ሻማ ይውጋ» አሉ። እኔ ስለ ቀዳዳው ጠየቅኋቸው።

«የገመድ ነው» አሉ። «በገመድ ሰክተው ነው የሚበትኑት። ሲያበቃ ገመዱን ስበው ይሰበስቡታል፤ የገዛ ሰዋቸው እንዳይረግጠው።» ሞረዱን አቆሙ። «እነዚያ እንኳ ገመድ አስረዋል ሙሌ። እኛ አላሰርንበትም።»

«ምኑ ላይ?»

«ፈንጂው ላይ። ሰሜን ሳለን። የእረኛው መንገድ፣ የውኃ ቀጂው መንገድ። የት እንዳለ የሚያውቀው መኮንን ሞተ፤ እኛ ሸሸን፤ ፈንጂው እዚያው ቀረ። እኔ ነኝ የቀበርኩት። በዚህ እጄ። እራቴንም በልቼ ተኝቻለሁ።»

ያን ጊዜ ለምን እንደማይጨብጡን ገባኝ። ብረቱን ተጸይፈው አልነበረም፤ የገዛ እጃቸውን ነው። እጃቸውን ያዝኩት፤ ጠንክሬ ስለጨበጥኩት ቁስሉ አሟቸው። «ቀስ በል አንተ ነጋዴ፣ አልሸጥም» አሉኝና ሳቁ። ሲስቁ ካየኋቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ ነው።

ወግቷቸው የነበረውን አንዱን ብረት ግን አልሞረዱትም። «ይሄ የኔ ነው» ብለው ኪሳቸው ከተቱት።

ካረፉ በኋላ ቤት አከራዩ ባዶ ቤት ስለሚፈልግ፣ ዕቃቸውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ነው። ወጥ ቤታቸው ግድግዳ ላይ፣ ከሚስማር፣ ያ ብረት ተንጠልጥሎ አገኘሁት። በቀዳዳው ያለፈው ገመድ የጫማቸው ማሰሪያ ነው። ያን ብረት እንዳይቆም ማድረግ የሚቻለው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ በማንጠልጠል። ስንት ሰብሳቢ፣ ስንት አዋቂ አየው፤ ያወቁበት እሳቸው ናቸው። ይዤው ስወጣ አንድ ደንበኛዬ ደረጃው ላይ አየውና ዋጋ ጠየቀኝ። «አይሸጥም» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

ጋሽ ወንዴ፣ ፍትሐትዎ ፊቲያ፣ ያው አዳራሽ ውስጥ ተደረገ። እትዬ አስካለ ሻማውን የተከሉት በእነዚያ በሞረዷቸው አሥራ አንድ ብረቶች ላይ ነው፤ ልጅቷም አድጋ ከፊት ቆማ ነበር። ሰው ሳይገባ እኔ ቀድሜ ገባሁ። ጫማዬን አወለቅሁና በሆዴ ተኛሁ፤ የደረሰብኝ ሰው ስግደት መሰለው፤ ይምሰለው። አሥራ ሁለተኛው ብረት በማሰሪያዎ እንደተንጠለጠለ እኔ ዘንድ አለ፤ መሬት አይነካም። ያኔ ሰሜን የቀበሩትን መድረስ አልችልም፤ እሱን የሚያነሳ ጌታ ያንሳልዎ። ይህን ወለል ግን ከበሩ እስከ እርስዎ ድረስ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ በመዳፌ ዳስሼዋለሁ። ምንም የለበትም። በባዶ እግርዎ ይሂዱ፣ ጋሼ።